ተሽሎኛል፣ ግን ገና ነኝ፦ ከረጅም ሕመም በኋላ ወደ ሥራ ሲመለሱ

የእኛ አገር መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን በሁለት መልኩ ነው የሚያውቀው። ወይ ታሟል፣ ወይ ድኖ መጥቷል። የታመመው ቤቱ ተኝቶ፣ ብርቱካን ተይዞለት ይጠየቃል። የዳነው ደግሞ "እንኳን ማረህ!" ተብሎ ይሳምና የከረመው ሥራ ጠረጴዛው ላይ ይቆለልለታል። በመሃል ያለውን፣ ተሽሎት ግን ገና ያልበረታውን ሰው ማንም አያስብለትም። ብዙ ሰው የሚቸገረው ደግሞ እዚችው ላይ ነው። ከባድ በሽታ ታግሎ ያሸነፈ ሰው፣ ሥራ በገባ በወሩ ተመልሶ አልጋ ላይ ሲውል ማየት ያሳዝናል።

ሐኪም "ሥራ መጀመር ትችላለህ" ሲል "እንደ ድሮው ሆነሃል" ማለቱ አይደለም። ሕመሙ ሥራ የሚከለክልበትን ደረጃ አልፏል ማለቱ ነው። አቅም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ቀስ እያለ። ስለዚህ አመላለሱ ይታቀዳል። ዕቅዱም የሚጀመረው ፈቃዱ ሳያልቅ፣ ገና ቤት እያሉ ነው።

በመጀመሪያ የፈቃዱን ሒሳብ እንወቅ

በግል ድርጅትና በመንግሥት የልማት ድርጅት የሚሠራ ሰው የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ አለው፤ የፈቃዱ ርዝመትም የደመወዙ አከፋፈልም ይለያል። የሥራ መሪዎችና የቤት ሠራተኞችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። የቤት ሠራተኞቹ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል፤ ቢታመሙ ብዙ ጊዜ መድረሻቸው በአሠሪያቸው ደግነት የሚወሰን ነው።

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ፣ ከሥራው ባልመጣ ሕመም ምክንያት መሥራት ካልቻለ የሕመም ፈቃድ ይገባዋል። የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። ፈቃዱ ከ6 ወር አይበልጥም። ለመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። ለቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ። ለመጨረሻዎቹ 3 ወራት ምንም።

በወር 12,000 ብር የምታገኝ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ እንውሰድ። ስድስቱንም ወር ብትተኛ በጠቅላላው የምታገኘው 24,000 ብር ነው። ብትሠራ ኖሮ 72,000 ታገኝ ነበር። ይህን ሒሳብ ያየ ሰው፣ "ሳይሻላት ለምን ሮጣ ገባች?" ብሎ አይጠይቅም። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ፣ ፋርማሲ አለ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ላምጣ። ስድስቱ ወራት የሚቆጠሩት በ12 ወር ውስጥ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከሕመሙ የመጀመሪያ ቀን ነው። በተከታታይ ቢወሰድም በተለያየ ጊዜ ቢወሰድም ይደመራል። ሠራተኛዋ ጥቅምት 1 ቀን ታመመች እንበል። ጥቅምትን በሙሉ ደመወዝ፣ ኅዳርና ታኅሣሥን በግማሽ ደመወዝ ተኛች። ጥር 1 ቀን ሥራ ገባች። ዓመታዊ ሒሳብ የሚዘጋበት ወቅት ሆኖባት እያመሸች ሠራች። ግንቦት ላይ ሕመሙ ተነሳባት። ያኔ ግንቦት እንደገና "የመጀመሪያ ወር" ሆኖ አይቆጠርላትም። አራተኛ ወሯ ነው። ደመወዝ የለውም።

ገንዘብ ቸግሮት ያለ አቅሙ የሮጠ ሰው ሁለተኛ ሲወድቅ የሚወድቀው ባዶ እጁን ነው ማለት ነው። ቀስ ብሎ መመለስን ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ቆጠራ ደግሞ ያንብበው።

ሕመሙ ከሥራው የመጣ ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ማሽን የቆረጠው፣ ከመወጣጫ ላይ የወደቀ፣ በሥራው ጠባይ የሚመጣ በሽታ የያዘው ሰው እስከ 12 ወር ድረስ ይከፈለዋል። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ ነው። ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ አያንስም፤ የመጨረሻዎቹ 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ አያንስም። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ወገቡ የተጎዳ ሰው ጉዳቱ በተራ ሕመም እንዳይመዘገብበት ከመጀመሪያው ቀን ይጠንቀቅ።

ይህ ሁሉ አዋጁ ያስቀመጠው ዝቅተኛው ነው። የሠራተኛ ማኅበር ያለበት መሥሪያ ቤት በኅብረት ስምምነቱ፣ ማለትም ማኅበሩና አሠሪው በተፈራረሙት ውል፣ የተሻለ ነገር ሊሰጥ ይችላል። ኅብረት ስምምነቱን ከማኅበሩ ጠይቀው ያንብቡት። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከታመመ በኋላ ነው፤ ግድ የለም፣ ያኔም ይጠቅማል።

የሐኪሙ ወረቀት ምን ይበል?

የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ዕውቅና ከሰጠው የሕክምና ተቋም በመጣ ማስረጃ ነው። ፈቃድ ያለው የግል ክሊኒክም ይህን ያሟላል፤ "የመንግሥት ሆስፒታል ካልሆነ አንቀበልም" የሚል የሰው ሀብት ክፍል ሕጉን መልሶ ማየት አለበት። ማስረጃውን ከመስጠትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው "የ15 ቀን ዕረፍት" የምትል አንድ መስመር ናት። ለሚመለስ ሰው ይህ አይበቃም። ሐኪሙን መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ነገር ነው፦ ምን መሥራት እችላለሁ? ምን አልችልም? እስከ መቼ? "ከ5 ኪሎ በላይ እንዳያነሳ"፣ "በሌሊት ፈረቃ እንዳትመደብ"፣ "በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ፊዚዮቴራፒ አላት" ተብሎ ሲጻፍ ነው አለቃ የሚረዳው። ዝም ብሎ "ቀላል ሥራ ይሰጠው" ከተባለ ግን ቀላል የሚባለውን የሚወስነው አለቃው ይሆናል። ለአንዱ ቀላል ማለት ወንበር ላይ ቁጭ ማለት ነው። የወገብ ቀዶ ጥገና ላደረገ ሰው ደግሞ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ዋናው ጠላት ነው።

የበሽታው ዓይነት ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት ወይ? አሠሪው የሚያስፈልገው መሥራት መቻል አለመቻልዎን፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ሁኔታ እንደሆነ ማወቅ ነው። ስለ በሽታው ስም ሐኪምዎን በግልጽ ያነጋግሩ። በቂ ምክንያት ካለ አሠሪ ሠራተኛውን "ተመርመር" ሊለው ይችላል። የኤች አይ ቪ ምርመራን ግን አዋጁ ከዚህ ነጥሎ አውጥቶታል፤ በዚህ ማንም አያስገድድዎትም።

እዚህ ላይ ስለ ጠበል ማንሳት አለብኝ፤ ብዙ ቤት ያለ ጉዳይ ነው። ሰው ታሞ እንጦጦም ይሁን ሌላ ቦታ ጠበል ይገባል፤ አንድ ወር፣ ሁለት ወር ይቆያል። እምነቱን ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን ለመሥሪያ ቤቱ የሚያቀርበው የሕክምና ማስረጃ ከሌለው፣ በሕጉ ዓይን የቀረባቸው ቀናት ያለ ፈቃድ የቀረባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ መቅረት ደግሞ እስከ ስንብት ያደርሳል። ስለዚህ ጠበል የሚገባ ሰው ወይ የሐኪም ክትትሉን ሳያቋርጥ ማስረጃውን በጊዜው ይላክ፣ ወይ የዓመት ፈቃዱን ይጠይቅ፣ ወይ ያለ ክፍያ ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈቅድ። መድኃኒቱንም አያቋርጥ።

ሰውነት እንዴት ነው የሚመለሰው?

አልጋ ላይ የሰነበተ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል። ከዕድሜ ጋር ደግሞ ይህ ይፈጥናል፣ መመለሱም ይዘገያል። ቤት ውስጥ "ደህና ነኝ" ያለ ሰው ሥራ በገባ በሦስተኛው ቀን ድቅቅ የሚለው ለዚህ ነው። ቤት ሲደክመው ጋደም ይል ነበር። ቢሮ ውስጥ ጋደም የሚባልበት ቦታ የለም።

ድካሙ እንደ ሕመሙ ይለያያል። የካንሰር ኬሞቴራፒ የጨረሰ ሰው ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለወራት ሊደክመው ይችላል። ቢተኙም የማይለቅ ድካም ነው። ያነበበውን መርሳት፣ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መሥራት አለመቻልም አብሮ ይመጣል። ይህን የማያውቅ ሰው "አእምሮዬ ተበላሸ" ብሎ ይደነግጣል። ያለ ነገር ነው፤ ለአብዛኛው ሰው በጊዜ ይሻላል። እስከዚያው ማስታወሻ ደብተር ይዞ መዞር፣ ቁጥር የበዛበትን ሥራ አእምሮ ንቁ በሆነበት ሰዓት መሥራት ይረዳል።

የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ነው፤ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ዓይነት። መድኃኒቱ እየሠራለት ያለ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ መድኃኒቱን እየወሰደ ሥራ ሊገባ ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። መድኃኒቱን ጤና ጣቢያ ሄዶ በባለሙያ ፊት የሚውጥ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያው የሚከፈተውና ቢሮ የሚገባው በተመሳሳይ ሰዓት ይሆንበታል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ቦታ መገኘት አይቻልም። አንዲት ሰዓት ዘግይቶ የመግባት ፈቃድ ነገሩን ትፈታዋለች። ያቺን ሰዓት የሚሰጠው ሲያጣ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው አለ፤ የተቋረጠ መድኃኒት ደግሞ መድኃኒት የማይበግረውን ነቀርሳ ያመጣል። ያኔ ለመሥሪያ ቤቱም ለቤተሰቡም ስጋት ይሆናል።

የአእምሮ ሕመም ላይ ያለው ዝምታ ይበልጥ ይከብዳል። ከድብርት የተሻለው ሰው መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት ሊጫጫነው ይችላል። ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ላለበት ሰው ደግሞ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሕመሙን ሊቀሰቅሰው ይችላል። የጥበቃ፣ የሆቴል፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ከሆነ የሌሊት ፈረቃውን ነገር ከመመለሱ በፊት መጨረስ አለበት። ለአለቃው የበሽታውን ስም ሳይነግር፣ "በሐኪም ትእዛዝ ሌሊት መሥራት አልችልም" ማለት ይችላል፤ ወረቀቱም ይህንኑ ይላል።

መንገዱ ከሥራው ይከብዳል

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚመለስ ሰው ትልቁ ፈተና ብዙ ጊዜ ሥራው አይደለም፤ መንገዱ ነው። ጀሞ ወይም ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ሊፍት በሌለው ደረጃ ይወርዳል። የታክሲ ሰልፍ ቆሞ ይጠብቃል። ተጋፍቶ ይሳፈራል፣ መገናኛ ላይ ወርዶ ሌላ ሰልፍ ይይዛል። ቢሮ ሲደርስ የቀኑን ጉልበት ግማሽ ጨርሶታል። ማታ ያው መንገድ፣ መጨረሻ ላይ ያው አራት ፎቅ።

ስለዚህ ከአሠሪ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ነገር የሥራ ቅነሳ መሆን የለበትም። የሰዓት ለውጥ ይሁን። ከጥድፊያው ሰዓት በኋላ ገብቶ ከጥድፊያው በፊት መውጣት መሥሪያ ቤቱን ብዙ አያስወጣውም፤ ለሠራተኛው ግን ትልቅ ነገር ነው። ሠርቪስ ካለ፣ ከቤት አጠገብ የሚያልፍበትን መስመር ለጥቂት ሳምንት መጠየቅ ነው። ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሥራ ካለም በሳምንት አንድ ሁለት ቀን።

ከመመለስዎ በፊት ባለው ሳምንት ቤትዎ ይለማመዱ። በሥራ ሰዓትዎ ይነሱ፣ ይልበሱ። አንድ ቀን እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ሄደው ይመለሱ። ደረጃውን፣ ሰልፉን፣ ወንበሩን ሰውነትዎ ቀድሞ ይወቀው። የመጀመሪያውን የሥራ ቀን ደግሞ ሐሙስ ያድርጉት። ሁለት ቀን ሠርተው ያርፋሉ፣ ምን እንደከበደዎትም ያውቃሉ። ሰኞ የጀመረ ሰው ግን አምስት ቀን ይጠብቀዋል።

ከአለቃ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ

ጀርመን ውስጥ ከረጅም ሕመም የሚመለስ ሠራተኛ፣ በሐኪም ዕቅድ መጀመሪያ በቀን ጥቂት ሰዓት ይሠራል፤ በሳምንታት ውስጥ ወደ ሙሉ ሰዓት ይደርሳል። በዚያ ጊዜ የሚተዳደረው በሕመም አበል ነው። እኛ ዘንድ የሕመም ፈቃዱን ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው፤ ቀስ በቀስ ስለ መመለስም አዋጁ ዝርዝር አሠራር አላስቀመጠም። አሠሪዎች የሚቸኩሉት ለዚህ ነው፤ በተለይ አምስትና ስድስት ሠራተኛ ያለው ትንሽ ድርጅት ሲሆን ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን አዋጁ አልዘረዘረውም ማለት ከለከለው ማለት አይደለም። መስማማት ይቻላል። የቀረ የዓመት ፈቃድ ካለም፣ አሠሪው ፈቃደኛ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሃል ላይ ዕረፍት ለማስገባት ይጠቅማል።

በቃል የተባለ ነገር አለቃ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ይጻፍ። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦

"ከጥቅምት 1 ቀን ጀምሮ በሕመም ፈቃድ ላይ መቆየቴ ይታወቃል። ሐኪሜ ከጥር 1 ቀን ጀምሮ ሥራ መጀመር እንደምችል፣ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ግን ከባድ ዕቃ እንዳላነሳና ከአንድ ሰዓት በላይ ሳልነሳ እንዳልቀመጥ በማስረጃ አረጋግጠዋል። ስለሆነም እስከ የካቲት 12 ቀን ድረስ የመግቢያ ሰዓቴ 3:30 እንዲሆንልኝ፣ ከመጋዘን ቆጠራ ሥራም እንድነሳ በትሕትና እጠይቃለሁ። የሕክምና ማስረጃውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።"

ማለቂያ ቀን መኖሩን ልብ ይበሉ። "ለጊዜው" የሚል ጥያቄ አለቃን ያስፈራል፤ ቀን ያለው ጥያቄ ግን ለመፍቀድ ይቀላል። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ያስገቡና ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ይዘው ይውጡ።

ሕመሙ ዘላቂ ጉዳት ትቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ ስትሮክ አንድ እጅ ካደከመ ወይም ዕይታ ከቀነሰ፣ ሌላ አዋጅ አለ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለአካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብት የወጣ ነው። አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ተስማሚ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች ያዛል። "አካል ጉዳተኛ" መባልን የሚጠላ ሰው ብዙ ነው፤ ይገባኛል። ቢሆንም መብቱ የሚገኘው እዚያ ነው።

የባልደረቦች ነገር

የመጀመሪያው ቀን ላይ "እንዴት ከስተሻል!"፣ "ምነው እንዲህ ጠቆርክ?" ይመጣል። ከክፋት አይደለም፤ ግን ያደክማል። "ምን ነበር ያመመህ?" የሚለውም አይቀርም። አንድ አጭር መልስ ይዞ መግባት ጥሩ ነው፦ "ከባድ ነበር፣ ተመስገን አሁን ተሽሎኛል፤ እናንተስ እንዴት ከረማችሁ?" ከዚህ በላይ መናገር የእርስዎ ምርጫ ነው። ለአንድ የልብ ሰው መንገር ግን ይጠቅማል፤ ቀን ሲከብድ የሚያየን ሰው ያስፈልጋል።

እርስዎ ተኝተው ሳለ ሥራዎን ደርቦ የሠራ ሰው አለ። በስሙ ጠርተው ያመስግኑት። ከዚያ አብረው ቁጭ ብለው የት እንዳደረሰው ይረካከቡ። ካልተረካከቡ ወይ ሥራው ሁለት ጊዜ ይሠራል፣ ወይ ማንም አይሠራውም።

ቢያሰናብቱኝስ?

አዋጁ አሠሪ በማስጠንቀቂያ ውል ሊያቋርጥ ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱን እንዲህ አስቀምጦታል፦ ሠራተኛው በጤና መታወክ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በዘላቂነት ሥራውን መሥራት አለመቻሉ። በዘላቂነት የሚለው ወሳኝ ነው። ለሁለት ወር ዝግ ብሎ መሥራት ዘላቂ አለመቻል አይደለም። ምክንያቱ ቢኖር እንኳ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከሙከራ በኋላ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 3 ወር። መሥራት አለመቻሉ በሕክምና ቦርድ ተረጋግጦ የተሰናበተ ሰው የሥራ ስንብት ክፍያም ይጠይቃል።

"በፈቃዴ ለቅቄአለሁ" የሚል ወረቀት ቀርቦልዎት "ፈርምና የሚገባህን ውሰድ" ቢባሉ፣ በዚያው ቀን አይፈርሙ። ወረቀቱን ቤት ይውሰዱት። ለሠራተኛ ማኅበር፣ ለሥራና ክህሎት ቢሮ ወይም ለጠበቃ ያሳዩት። የታመመ ሰው ቶሎ ይሰለቻል፤ "ይቅርብኝ" ማለት ይቀለዋል። ከፈረሙ በኋላ ግን አሰናበቱኝ ብሎ መከራከር በጣም ይከብዳል።

ያለአግባብ ተሰናብቼአለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ መቅረብ ያለበት ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቀው በ6 ወር ውስጥ። ቤተሰብ እዚህ ላይ ሊያግዝ ይችላል። ታማሚው አቅም ከሌለው፣ የስንብት ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን የሚመዘግብና ወረቀቶቹን በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ አንድ ሰው ከቤት ይመደብ።